የኤርባጉ መብራት አልጠፋ አለኝ፤ ጥያቄዬና የመጡልኝ ምላሾች

መነሻው ጥያቄ

ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የተሠራች ስፖርት መኪና አለችኝ። ከእኔ ጋር አራት ዓመት ሆናት። ሞተሯ ጤነኛ ነው፤ ማርሿ እጅ አያስቸግርም፤ ቀለሟም ለዕድሜዋ አያሳፍርም። ካለፈው ወር ጀምሮ ግን ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የኤርባግ (በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚከላከለው የአየር ከረጢት) ምልክት፣ ያ ኳስ ታቅፎ የተቀመጠ ሰው የሚመስለው ቀይ ሥዕል፣ በርቶ ቀረ። መጀመሪያ ሰሞን ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ብቻ ብቅ እያለ ይጠፋ ስለነበር እንደ ቀልድ አለፍኩት። አሁን ግን ሞተር ሳስነሳ ይበራል፤ እስካጠፋ ድረስም ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

ባትሪውን ፈትቼ አሳድሬ መልሼ አሰርኩት፤ ለውጥ የለም። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ የያዙት የመመርመሪያ መሣሪያ የሞተሩን ኮምፒውተር እንጂ የኤርባጉን አያነብም። ሳያነቡም ግን ኤርባጎቹ በሙሉ መቀየር አለባቸው ብለው ፈረዱ። ሳይመረመር ቀዶ ሕክምና የታዘዘለት ሰው የሚሰማው ዓይነት ስሜት ተሰማኝና ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ፍለጋውን ከየት ልጀምር? ደግሞስ መብራቱ እንደበራ መንዳት አደጋ አለው ወይ? ማለቴ፣ አንድ ቀን መንገድ ዳር ቆሜ ሳለሁ ኤርባጉ በድንገት ፊቴ ላይ ይፈነዳል?

(ክሩ፣ ማለትም የጥያቄና መልሱ ሰንሰለት፣ ስለረዘመ፣ አዲስ የሚመጡ አንባቢዎችም ከላይ የተመለሰውን ደጋግመው ስለሚጠይቁ፣ ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ ቃል ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ የአንዳንዶቹ ለመገልበጥም አይመችም።)

ምላሽ 1

ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ ሦስት ነገር ጠየቀኝ፦ ባትሪው በቅርቡ ደክሞ ያውቃል ወይ፣ መቀመጫው ለጽዳትም ይሁን ለሌላ ሥራ ተነቅሎ ነበር ወይ፣ ጥሩንባው ይሠራል ወይ። ስለ ጥሩንባው መጠየቁ ግር አለኝ። ስለ ከረጢት ስጠይቀው ስለ ጥሩንባ ይጠይቀኛል ብዬ በሆዴ ሳቅኩበት። ኋላ ግን የሚያስቀው እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

ምላሽ 2

በእርግጠኝነት ባትሪ ነው የሚል ነው። አሮጌ ባትሪ ሞተር ሲያስነሳ ኃይሉ ሲወርድ የኤርባጉ ኮምፒውተር ያን እንደ ጉድለት ይመዘግባል፤ በአንዳንድ መኪኖች ባትሪው ቢቀየርም መዝገቡ እስካልተሰረዘ ድረስ መብራቱ አይጠፋም። ስለዚህ ባትሪውን አውልቆ ማሳደር የሞተሩን መዝገብ ያጠፋ ይሆናል እንጂ በብዙ መኪኖች የኤርባጉን አይነካም። ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ ከኤርባግ ጋር የተያያዘ ማንኛውንም ሶኬት መንቀል ራሱ አዲስ ጉድለት እንደሚያስመዘግብም አስጠነቀቀ። ቁም ነገሩ ትክክል ነበር፤ በእኔ መኪና ላይ የሰጠው ፍርድ ግን አልሠራም። ባትሪዬ ዓመትም አልሞላው።

ምላሽ 3

አንድ መስመር ብቻ ነው፦ አምፖሉን ነቅሎ መገላገል። ከሥሩ አራት ሰዎች የሳቅ ምልክት አስቀምጠውለታል።

ምላሽ 4

እኚህ ሰው አዛውንት መካኒክ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ ያሳለፉ ናቸው። ረጅም ጽፈዋል፤ አንዱም ቃል ትርፍ አልነበረም።

ከሁለተኛው ጥያቄዬ ጀመሩ። ቁልፉ በተከፈተ ቁጥር ኮምፒውተሩ በየኤርባጉ ማስነሻ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ሬዚስታንሱን (ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚገታ) ይለካል። ማስነሻው ውስጥ እንደ አምፖል ክር ቀጭን ሽቦ አለ፤ ጤነኛ ሲሆን ወደ ሁለት ኦም (የሬዚስታንስ መለኪያ) ገደማ ይነበባል። በዚህ ጊዜ መብራቱ ለስድስት ሴኮንድ ያህል በርቶ፣ ሁሉም ደህና ከሆነ ይጠፋል። ልኬቱ ከሚገባው መጠን ከወጣ፣ ሽቦ ከተቆረጠ ወይም ከመኪናው አካል ጋር ከተነካካ፣ መብራቱ በርቶ ይቀራል። በብዙ አሮጌ መኪኖች ደግሞ ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ሥርዓቱን በከፊልም በሙሉም ያቋርጠዋል። ስለዚህ መፍራት ያለብኝ ኤርባጉ ያለ ምክንያት ይነሳል ብዬ ሳይሆን፣ የሚያስፈልገኝ ቀን አይነሳም ብዬ ነው። ያ ቀን ሲመጣ ደግሞ ጊዜ የለም፤ ከረጢቱ ተነፍቶ የሚያልቀው የሴኮንድ ሃያኛ እንኳ ሳይሞላ ነው።

ቀጥለው የፍለጋውን ቅደም ተከተል ሰጡኝ። መጀመሪያ ከመቀመጫው ሥር ያሉት ቢጫ ሶኬቶች፤ መቀመጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ በተገፋ ቁጥር ይጎተታሉ። ቀጥሎ የደህንነት ቀበቶው መቆለፊያ፤ ውስጡ ቀበቶው መታሰሩን ለኮምፒውተሩ የሚነግር ትንሽ ማብሪያ አለ፣ እሱም ያልቃል። በመጨረሻ ክሎክ ስፕሪንግ የሚባለው፣ ከመሪው ሥር በክብ ሣጥን ውስጥ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ገመድ። መሪው ሲዞር አብሮ እየተጠቀለለና እየተፈታ ኤሌክትሪኩን ወደ ኤርባጉ የሚያደርሰው እሱ ነው። የጥሩንባውም ሽቦ የሚያልፈው በእሱ ነው። ጥሩንባውም ዝም ካለ፣ መብራቱም ከበራ፣ ሌላ ቦታ መፈለግ ድካም ብቻ ነው አሉ።

የምላሽ 1 ጥያቄ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ወጥቼ ጥሩንባውን ነፋሁት፤ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ይጮኻል። ክሎክ ስፕሪንጉ ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር መጨረሻ ወረደ።

ምላሽ 5

የራሱን ታሪክ ነው ያጫወተን። የመሪውን ጥርስ ለማስቀየር መኪናውን ለመካኒክ ሰጠ። መካኒኩ ዘንጉን ፈትቶ ሳለ መሪውን ሳያስር ተወው፤ ሲሠራም እንዲሁ በነጻ ያሽከረክረው ነበር። ገመዱ ግን በእያንዳንዱ አቅጣጫ የሚችለው ሁለት ዙር ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሲገጠም መሃሉን ስቶ ተገጠመ። ባለቤቱ ከግቢ ወጥቶ ወደ ግራ አንዴ እስከ ጥጉ ሲጠመዝዝ ከመሪው ውስጥ እንደ ደረቅ ቅጠል መሰንጠቅ ያለ ድምፅ ሰማ፤ መብራቱም ያኔውኑ በራ። መካኒኩ ድሮም የተበላሸ ነበር ብሎ ካደው። ሦስት አንቀጽ ሙሉ የሚራገመው እሱን ነው፤ እዚህ አልደግመውም።

ምላሽ 6 እና 7

ምላሽ 6 የአዛውንቱን አንድ ነገር አረመ። እሳቸው ሶኬት ከመንካት በፊት ባትሪው ከተፈታ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል ብለው ነበር። ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን ባትሪው በግጭት ቢቆረጥ እንኳ ኤርባጉን ለማስነሳት የሚበቃ ኃይል የሚይዝ ካፓሲተር አለ፤ እሱ የሚፈስበት ጊዜ ከአምራች አምራች ይለያያል። አንዱ አንድ ደቂቃ፣ አንዱ ሦስት፣ ሌላው ግማሽ ሰዓት ይላል፤ ስለዚህ የየመኪናውን የጥገና መጽሐፍ ማየት ነው። በምላሽ 7 አዛውንቱ ተመልሰው እርማቱን ያለ ቅሬታ ተቀበሉ፤ እሳቸው ራሳቸው ሁልጊዜ ግማሽ ሰዓት እንደሚጠብቁ፣ የጻፉት ግን ከአንድ መጽሐፍ ያስታወሱትን እንደነበር ገለጹ። በዚህ ክር ላይ ሰው ተሳስቻለሁ ያለው ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይመዝገብልኝ።

ምላሽ 8 (የራሴ)

ቅዳሜ ጠዋት ባትሪውን ፈትቼ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። መቀመጫውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቼ፣ ጉንጬን ምንጣፉ ላይ አስደግፌ በባትሪ መብራት ወደ ሥሩ አየሁ። ቢጫው ሶኬት እዚያው ነው፤ ሽቦዎቹ እንደ ክር በተዘረጋ ልባስ ተሸፍነዋል፤ መቀመጫው ሲገፋ አንዱ ጎን የመሄጃውን ብረት እየዳሰሰ ልባሱ ሳስቷል። ማሰሪያውን ተጭኜ ስለያየው የውስጡ እግሮች ላይ እንደ አሮጌ መዳብ ሳንቲም ጠርዝ አረንጓዴ ነገር ተጋግሯል። ምንጣፉን በመዳፌ ስጫነው ቀዝቃዛ ሆነብኝ፤ ሳነሳው መዳፌ ረጥቧል። ዝናብ ከጣለ ግን አራት ቀን አልፎት ነበር።

እግሮቹን በኤሌክትሪክ ማጽጃ አጽድቼ፣ ሽቦውን ከብረቱ አርቄ አስሬ መለስኩት። መብራቱ ጠፋ። ደስታዬን ለማካፈል በሩጫ መጥቼ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ በራ።

ምላሽ 9 እስከ 12

ጠቡ የተነሳው እዚህ ላይ ነው።

ምላሽ 9 ለምን እደክማለሁ ብሎ አዘነልኝ። የኤርባጉን ሶኬት ነቅሎ በምትኩ ሁለት ወይም ሦስት ኦም የሆነ ትንሽ ሬዚስተር ቢሰካበት ኮምፒውተሩ ጤነኛ ኤርባግ ያገኘ ይመስለዋል፣ መብራቱም ይጠፋል። ዘዴው እውነት ነው፤ ይሠራል። ክፋቱም የሚሠራ መሆኑ ነው።

ምላሽ 10 እንደ እሳት ነደደ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የገዛው መኪና መብራቱ በሥርዓቱ ስድስት ሴኮንድ በርቶ ይጠፋ ነበር። የመሪው ሽፋን ጥግ ላይ ትንሽ ክፍተት አይቶ ሲያስከፍተው ኤርባጉ የለም፤ በቦታው የተጠቀጠቀ ጨርቅ አለ፣ ሶኬቱ ላይ ደግሞ ሬዚስተር። ቀድሞ በነበረ ግጭት ኤርባጉ ተነስቶ አልቆ ነበርና ሻጩ ሽፋኑን ብቻ ገዝቶ ለጠፈበት። ጸሐፊው ራሱ ሁለት ዓመት ሙሉ ላም አለኝ በሰማይ እያለ ነድቷል። ሌላ የሚያውቀው መኪና ደግሞ የኤርባጉ መብራት ከዘይቱ መብራት ጋር ተቀጥሎ አብሮት እየበራ አብሮት የሚጠፋ ነበር። ይህን ሲጽፍ ምላሽ 9ን በቀጥታ ነፍሰ ገዳይ ብሎታል፤ አስተናባሪው ቃሉን አንስቶበታል።

ምላሽ 11 የምላሽ 9 መከላከያ ነው። የእሱ መኪና ለውድድር ሜዳ ብቻ የምትውል፣ መሪዋ ኤርባግ በሌለው የተቀየረ፣ ባለ አራት ማሰሪያ ቀበቶ ያላት ናት፤ ቀይ መብራት እያየ ለምን ይነዳል? ምላሽ 12 ለዚህ ግማሽ እሺታ ሰጠና ሌላውን ግማሽ መልሶ ነጠቀ፤ ያቺ መኪና አንድ ቀን ትሸጣለች፣ ሬዚስተሩን የሚያስታውስ ግን አይኖርም።

የእኔን ፍርድ ከፈለጋችሁ ከ12 ጋር ነኝ። ምላሽ 9 ክፉ ሰው አይደለም። ግን ያበራ መብራት ጉድለቱን ለሁሉም ሰው ይናገራል፤ ሬዚስተሩን የሚያውቀው የሰካው ሰው ብቻ ነው። በምላሽ 3 ሰው ያሳቀው አምፖል ነቀላም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። ስለዚህ ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሰዎች፣ ቁልፉን ስትከፍቱ መብራቱ መጥፋቱን ብቻ ሳይሆን መጀመሪያ በርቶ መታየቱን፣ ከሌሎቹም መብራቶች ተለይቶ በራሱ ጊዜ መጥፋቱን ተመልከቱ።

ምላሽ 13 እና 14

አንድ ወጣት በቅን ልቦና የኤርባጉን ማስነሻ በተራ መለኪያ ብለካው ጉድለቱ ይገኝ ነበር አለ። አዛውንቱ በምላሽ 14 ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። ተራው መለኪያ ሬዚስታንስ ለመለካት ራሱ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ያ ኤሌክትሪክ ማስነሻውን ሊያቀጣጥል ይችላል። ኮምፒውተሩ የሚልከው ለዚሁ የተመጠነ ስለሆነ ነው የማያስነሳው። ኤርባጉን የነቀለ ሰው ደግሞ ሲሸከመው የሽፋኑን ፊት ከሰውነቱ ያርቅ፣ ሲያስቀምጠውም ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ያስቀምጠው። ብዙ ሰው ፊቱ እንዳይጫር ብሎ ደፍቶ ያስቀምጠዋል፤ በዚያ ቢነሳ ከረጢቱ መሬቱን ይገፋና የብረቱን አካል ወደ ጣሪያ ይወነጭፈዋል። ወጣቱ አመስግኖ ወጣ፤ ተመልሶም አልጻፈም። ትንሽ ለስለስ ቢሉለት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ጣት ያተረፈ ቁጣ ነው።

ምላሽ 15 እና 16

ወሬው ከመንገድ ወጣ። ምላሽ 15 ስፖርት መኪና በኤርባግ ታሪክ የኋላ ተከታይ አልነበረም ለማለት እ.ኤ.አ. የ1987ቱን ፖርሽ 944 ተርቦ አነሳ፤ የሾፌርም የተሳፋሪም ኤርባግ እንደ መደበኛ ዕቃ ይዞ የወጣ የመጀመሪያው መኪና እሱ ነው። ምላሽ 16 የሾፌሩ ኤርባግ በመርሴዲስ ኤስ ክላስ ከዚያ ዓመታት ቀድሞ ነበር ብሎ ተከራከረው። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ አንዱ ስለ ሁለት ወንበር፣ ሌላው ስለ አንድ ወንበር። ይህን ለማስተዋል ግን ጊዜ ፈጀባቸው። ሐሳቡማ ከሁለቱም በፊት ነበር፤ ጆን ሄትሪክ የተባለ አሜሪካዊ የአየር ከረጢት የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው።

ምላሽ 17

ይህን ሰው መጀመሪያ ከርዕስ የወጣ መስሎኝ ልዘልለው ነበር። የሚያወራው ስለ ጣሪያ ነው። በሚታጠፉ ጣሪያዎች ግራና ቀኝ፣ ጨርቁ የሚተኛበት ጉድጓድ ውስጥ የዝናብ ውኃ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ቅጠልና አፈር ሲሞላቸው ውኃው መንገድ ያጣና ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ የሚያርፈውም ከመቀመጫው ኋላና ሥር ነው። ሰው ግን ምንጣፍ እያደረቀ ይኖራል። በምላሽ 8 የጻፍኩትን እርጥብ መዳፍ አንብቦ ነው ይህን የነገረኝ።

የቀዳዳዎቹን ቦታ ፈልጌ ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ አስገባሁ። ከግራው በኩል መጀመሪያ አልገባም አለ፤ ትንሽ ስገፋ ጥቁር ጭቃ፣ ከዚያ የተፈጨ ቅጠል፣ በመጨረሻ ከመኪናው ሥር ውኃ ሽው ብሎ ወረደ። አራት ዓመት ሙሉ ያጠብኳት መኪና ይህን በሆዷ ይዛ ነበር።

ምላሽ 18

ክሩን የለወጠው ይህ ነው። ጸሐፊዋ መብራቱን ተወውና አንድ ነገር ልጠይቅህ አለችኝ፤ የሻንሲ ቁጥርህን አስገብተህ መኪናህ ጉድለት ተገኝቶባቸው በአምራቾቻቸው ለእርማት ከተጠሩት አንዷ መሆን አለመሆኗን አይተሃል ወይ? አላየሁም ነበር። በአራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ።

ከዚያ የታካታን ጉዳይ ከሥሩ አስረዳች። ከረጢቱን በአብዛኛው የሚነፋው የታመቀ አየር ሳይሆን በብረት ማቀፊያ ውስጥ የሚነድ ኬሚካል ነው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለዚህ አሞኒየም ናይትሬት ይጠቀም ነበር። ኬሚካሉ ተጠቅጥቆ እንደ እንክብል ይሠራል። እርጥበት የሚመጥ ማድረቂያ ሳይጨመርበት የተሠራው ዓይነት ለዓመታት በሙቀትና በእርጥበት መፈራረቅ ሲመላለስ እንክብሉ ይሰነጣጠቃል፣ ውስጡም ይቦረቦራል። በግጭት ጊዜ የተሰነጠቀው ከተጠቀጠቀው ይልቅ እጅግ በፍጥነት ይነዳል፤ ግፊቱ የብረቱን ማቀፊያ ይገነጥለዋል፤ ስብርባሪውም ከረጢቱን ቀዶ ወደ ተቀመጠው ሰው ይመጣል። በአሜሪካ ብቻ ከ25 በላይ ሰዎች በዚህ ሞተዋል። የሞቱትም ከግጭቱ በሕይወት መውጣት ይችሉ የነበሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግጭቶች እንዲያውም ቀላል ነበሩ።

ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 አራት ሺህ ገደማ መኪኖች ሲጠራ የጀመረው ጥሪ እየሰፋ ሄዶ በአሜሪካ ወደ 67 ሚሊዮን የጋዝ ማመንጫዎች (ከረጢቱን የሚነፉት ክፍሎች) ደረሰ። ታካታ እ.ኤ.አ. በ2017 ኪሳራ አወጀ። ስፖርት መኪኖችም አልቀሩም፤ ሆንዳ ኤስ 2000፣ ማዝዳ አርኤክስ 8፣ ፎርድ ሙስታንግ፣ ፌራሪ 458 ሳይቀር በዝርዝሩ አሉ።

ያስደነገጠኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። አዛውንቱ በምላሽ 4 ያስረዱንን አስታወሰችን፦ ኮምፒውተሩ የሚለካው የማስነሻውን ቀጭን ሽቦ ነው። ስለ እንክብሉ ምንም አያውቅም። እንክብሉ ዱቄት ቢሆንም ሽቦው ሁለት ኦም እስካነበበ ድረስ መብራቱ በሥርዓቱ ይጠፋል። እኔ አንድ ወር ሙሉ የተሟገትኩት ከሚናገረው ችግር ጋር ነበር፤ የማይናገረው ካለ ግን ሌላ ቦታ ተቀምጧል።

ምላሽ 19 እና 20

ምላሽ 19 ንዴተኛ ነው። ይህ ሁሉ ሽብር ለመለዋወጫ ሽያጭ የተነዛ ነው፣ እንዲያውም ኤርባግ ሰው የሚገድል ከሆነ በሙሉ ነቅሎ መጣል ነው አለ። ምላሽ 18ን ደግሞ ከመጽሐፍ የምታወራ ብሎ ሊያሳንሳት ሞከረ።

እሷ በምላሽ 20 ድምፅዋን ሳትጨምር መለሰች። በጥሪ የሚቀየር ዕቃ ለባለቤቱ በነጻ ስለሆነ የሽያጭ ነገሩ አይያዝም። ነቅሎ መጣሉም ሒሳቡ አይገጥምም፤ የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ግምት እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2017 የፊት ኤርባጎች ያተረፉትን ሰው 50,457 ያደርሰዋል። መጥፎው ማመንጫ ይቀየራል፣ ኤርባጉ ይቀመጣል። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ስለ ቤንዚን ጥራት መጻፍ ጀመረ።

ምላሽ 21

ጥሪ ለምን ለባለቤቱ ሳይደርስ እንደሚቀር ያወቀ ሰው ነው። ደብዳቤው የሚላከው በመዝገብ ላለው ባለቤት ነው። አሮጌ ስፖርት መኪና ደግሞ እንደ ድመት ቤት ትቀያይራለች፤ የእሱ በስድስት ሰው እጅ አልፋለች። ሦስተኛው ባለቤት አድራሻ የደረሰው ደብዳቤ ከመኪናው የመመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ተጣጥፎ፣ ፖስታው ሳይቀደድ አገኘው። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሁለት ባለቤቶች መጽሐፉን አልከፈቱም ማለት ነው።

ምላሽ 22 እና 23

ባጭሩ። አንዱ ኋላ ወንበር በሌላት መኪና ሕፃን እንዴት እንደሚጫን ጠየቀ። ሌላው በአንዳንድ ባለ ሁለት መቀመጫ መኪኖች የተሳፋሪውን ኤርባግ በቁልፍ የሚያጠፋ ማብሪያ እንዳለ፣ የአሜሪካ ሕግም ይህን ለእንዲህ ዓይነት መኪኖች እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ፈቅዶ እንደነበር ነገረው፤ ማብሪያ ከሌለ ግን ፊቱ ወደ ኋላ የሚዞር የሕፃን ወንበር እዚያ ፈጽሞ አይቀመጥም። ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ኤርባግ ገዝቼ ልግጠም ላለው ሦስተኛ ሰው ሁሉም በአንድ ድምፅ እምቢ አሉት፤ የተነቀለበት መኪና ራሱ በጥሪው ዝርዝር ያለ ሊሆን ይችላል።

ምላሽ 24 (የራሴ)

ሁለቱንም ነገር በአንድ ሳምንት ጨረስኩ ማለት እወድ ነበር፤ አልጨረስኩም።

መብራቱን በተመለከተ፣ የኤርባጉን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ያለው ባለሙያ አገኘሁ። ጉድለቱ የሾፌሩ ቀበቶ መቆለፊያ ሆኖ ተመዘገበ፤ የአዛውንቱ ዝርዝር ሁለተኛ ነገር። ባለሙያው ቀበቶውን አሰረና ስክሪኑን እንዳይ ጠራኝ፤ ታስሯል ይላል። መቆለፊያውን በሁለት ጣቱ ይዞ እንደ ላላ ጥርስ ነቅነቅ አደረገው፤ አልታሰረም፣ ታስሯል፣ አልታሰረም። ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ብቻ ይበራ የነበረው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሶኬቱን ማጽዳቴም ከንቱ አልነበረም፤ በመዝገቡ ላይ አሮጌ የሶኬት ጉድለትም ነበረበት። መቆለፊያው በአዲስ ተቀየረ፣ መዝገቡ ተሰረዘ። ቁልፉን ከፍቼ ቆጠርኩ፤ በስድስት ጠፋ። ኤርባጎቹ በሙሉ ይቀየሩ ያሉኝ ሰዎች ትዝ አሉኝ።

የሻንሲ ቁጥሩን ያስገባሁት ያን ዕለት ማታ ነው። አሥራ ሰባቱን ፊደልና ቁጥር ከመስታወቱ ሥር በስልኬ ፎቶ አንስቼ ሁለት ጊዜ አመሳክሬ ጻፍኩ። ያልተፈጸመ ጥሪ አንድ፤ የተሳፋሪው በኩል ኤርባግ። ጥሪው የወጣው እኔ ከመግዛቴ በፊት ነው።

ምላሽ 25 እና 26

ምላሽ 3 ተመልሶ መጣና አምፖሉን ብነቅል ኖሮ ይህን ሁሉ ባልደከምኩ ነበር አለ። እውነቱን ነው፤ የሻንሲ ቁጥሩንም ባላየሁ ነበር። አዛውንቱ ደግሞ መቆለፊያው ሲፈታ ቀበቶ ወጣሪው (በግጭት ጊዜ ቀበቶውን የሚያጠብቀው) ከእሱ ጋር ከሆነ እሱም ፈንጂ እንዳለው ለሚቀጥሉት አንባቢዎች አሳሰቡ፤ ለምላሽ 18 ጸሐፊም ከእሷ እንደተማረ ሰው ምስጋና ጻፉላት።

ምላሽ 27 (የራሴ)

ለጠየቃችሁኝ፦ የቀጠሮው ቀን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ዕቃው እስኪመጣ ነው የሚጠበቀው። እስከዚያ በተሳፋሪው ወንበር ሰው እንዳላስቀምጥ ነግረውኛል። ባለቤቴ ትናንት በሩን ከፍታ ልትገባ ስትል ወንበሩ ላይ ያስቀመጥኩትን የመሣሪያ ሣጥን አየች፤ ምክንያቱን ስነግራት አራት ዓመት ሙሉ እዚህ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ አይደል ብላ ጠየቀችኝና የራሷን መኪና ይዛ ሄደች።